የድሮ የፕላስቲክ ሞዴል መኪና ኪት፦ ደህናውን ከደካማው እንዴት እንለያለን?

የድሮ ሞዴል መኪና ሳጥን ሲከፈት መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ጉድለቱ ነው። ተለጣፊው ቢጫ ሆኗል። ክሮሙ ተልጧል። ሞተሩ መሀል ለመሀል የብረት ዘንግ ማሳለፊያ ቀዳዳ አለው። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ሳጥኑን ይዘጋና ያልፈዋል። እነዚህ ግን ቀላሎቹ ናቸው። ገንዘብና ጊዜ የሚበሉት ቶሎ የማይታዩት ናቸው፤ ጣሪያው ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ያለ ቦዲ፣ የተጣመመ ወለል፣ ጎማው በልቶት የተሰነጠቀ ፓራብሬዝ።

ይህ መመሪያ ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1980ዎቹ ስለወጡ፣ በተለይ በአሜሪካ ስለተሠሩ ኪቶች ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ኪት የምለው ገና ያልተገጣጠመውን፣ ክፍሎቹ በሳጥን ውስጥ ያሉትን ነው። አሜሪካ ያላችሁ አንባቢዎች እነዚህን ሳጥኖች በየሰፈሩ የጋራዥ ሽያጭ፣ ቤት ሲለቀቅ በሚደረግ የዕቃ ሽያጭና በኢቤይ ላይ ታገኟቸዋላችሁ። ሻጩ ብዙ ጊዜ ስለ ኪቱ አያውቅም። ስለዚህ ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

የሚያስፈልጓችሁ ዕቃዎች ጥቂት ናቸው። የሚሊሜትር ካሊፐር፣ የእጅ ባትሪ፣ ማጉያ መነጽር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ አንድ ጠፍጣፋ መስታወትና ስልካችሁ ይበቃሉ።

ደረጃ 1፦ ኪቱ ለምን እንደተሠራ እወቁ

የአሜሪካ ሞዴል መኪና ታሪክ የሚጀምረው ከመኪና መሸጫ ነው። ኤኤምቲ በ1948 ሚሺገን ውስጥ ሲቋቋም ሥራው ለመኪና ሻጮች ትንንሽ ማሳያ መኪና መሥራት ነበር። ደንበኛው አዲሱን መኪና ሊያይ ሲመጣ፣ ሻጩ በፋብሪካው ቀለም የተሠራች ትንሽ ሞዴል ያሳየዋል። አንዳንዴም ለልጁ ይሰጠዋል።

በ1958 ኤኤምቲ ይህንኑ ነገር በክፍል በክፍል ለያይቶ በሳጥን መሸጥ ጀመረ። ከአንድ ሳጥን ሦስት ዓይነት መኪና ይወጣ ነበር፤ ፋብሪካው እንደሠራው፣ እንደ ልብ የተቀየረ፣ ወይም ለውድድር የተዘጋጀ። የዲትሮይቱ ጆሃን፣ ኋላም በ1960ዎቹ የመጣው የማውንት ክሌመንሱ ኤምፒሲ በዚሁ መንገድ ሄዱ። ማሳያ ሞዴሉና ኪቱ አንድ የቦዲ ሞልድ ይጋሩ ነበር። ሞልድ ማለት የቀለጠው ፕላስቲክ የሚገባበት የብረት ቅርጽ ማውጫ ነው።

ይህን ታሪክ የማነሳው ኪቱን የምንመዝንበትን መንገድ ስለሚቀይር ነው። የመኪና ፋብሪካዎቹ ሞዴሉ ከመኪናው ጋር እኩል እንዲደርስ ብለው ንድፋቸውን ለሞዴል ሠሪዎቹ አስቀድመው ይሰጡ ነበር። በዚህ ምክንያት የዚያ ዘመን ቦዲ ከዋናው ንድፍ የተቀዳ ነው። ጣሪያው፣ የመስኮቱ መስመር፣ የፓራፋንጎው ጉብታ ብዙ ጊዜ ልክ ነው። ከስር ያለው ሻንሲ ግን መጀመሪያም ለማሳያ ስለታሰበ ቀለል ያለ ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ በፎቶና በልኬት የተሠሩ አዳዲስ ኪቶች በተቃራኒው ናቸው። ሻንሲያቸው ያስደንቃል፣ ጣሪያቸው ግን አንዳንዴ አይመስልም። እኔ ከሁለቱ ምረጥ ብባል ያለ ጥርጥር የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ሻንሲ ከሌላ ኪት ይዋሳል፤ የተበላሸ የጣሪያ ቅርጽ ግን የትም ሄዶ አይዋስም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ንድፉ አስቀድሞ ስለሚሰጥ፣ መኪና ፋብሪካው በመጨረሻ ሰዓት የቀየረው ነገር ሞዴሉ ላይ ሳይቀየር ቀርቶ ይገኛል። የራዲያተሩ ፍርግርግ ወይም የጎን ጌጡ ከመንገዱ መኪና ትንሽ ከተለየ ወዲያው ስህተት ነው አትበሉ። የታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላል።

በየዓመቱ አዲስ መኪና ሲወጣ አብሮ የሚወጣው ዓመታዊ ኪት ይባላል። የመኪናው ቅርጽ በሚቀጥለው ዓመት ትንሽ ብቻ ከተቀየረ፣ ሠሪዎቹ ያንኑ ሞልድ ቆርጠውና ሞልተው ለአዲሱ ዓመት ያውሉታል። ሌላው ሞልድ ደግሞ ወደ ውድድር መኪና ይቀየራል፤ የጎማው ቅስት ይሰፋል፣ ጌጡ ይፋቃል። ያኔ የፊተኛው ዓመት መኪና ቅርጽ አብሮ ይጠፋል። አንዳንድ ዓመታዊ ኪቶች ዛሬ ውድ የሆኑት ለዚህ ነው።

ሬቬልና ሞኖግራም ከዚህ ቤተሰብ ውጪ ናቸው። በካሊፎርኒያ የነበረው ሬቬል በ1962 ያወጣቸው የክራይስለር ኩባንያ መኪኖች ቦዲያቸው ራሱ ከብዙ ክፍል የሚገጣጠም ነበር። በሮቹ የሚከፈቱት የ1957 ሼቭሮሌው ደግሞ በአስቸጋሪነቱ የታወቀ ነው። ዝርዝሩ የሚያምር፣ ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። በኢሊኖይ የነበረው ሞኖግራም 1/24 የሆነውን ልኬት፣ ማለትም ከእውነተኛው መኪና 24 ጊዜ የሚያንሰውን፣ ይወድ ነበር። ክፍሎቹ በአብዛኛው በቀላሉ ይገጥማሉ። የጃፓን የ1960ዎቹና የ1970ዎቹ ኪቶች ብዙዎቹ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተርና ባትሪ እንዲይዙ ተደርገው ነው የተሠሩት። ለዚህ ሲባል ወለላቸው ከፍ ይላል፣ ወንበሮቹም ጥልቀት ያጣሉ። ይህን ሳታውቁ ከኤኤምቲ ጋር ብታወዳድሩ ፍርዳችሁ ይዛባል።

ደረጃ 2፦ የሳጥኑን ዕድሜ አረጋግጡ

አንድ ኪት በሠላሳና አርባ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ሊታተም ይችላል። ሳጥኑ ላይ ያለው የቅጂ መብት (ኮፒራይት) ዓመት የሥዕሉን ወይም የሞልዱን ዓመት እንጂ የታተመበትን ቀን ሁልጊዜ አይነግርም። በዘመናችንም የድሮ ሥዕሎች እንደነበሩ ሆነው እንደገና ይታተማሉ። ስለዚህ ትንንሾቹን ጽሑፎች ማንበብ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ አድራሻውን እዩ። አምስት አሃዝ ያለው የአሜሪካ የፖስታ ኮድ ሥራ ላይ የዋለው በሐምሌ 1963 ነው። ይህ ኮድ በአድራሻው ውስጥ ካለ ሳጥኑ ከዚያ በፊት አልታተመም። ቀጥሎ ባርኮድ ፈልጉ። በሱቅ ዕቃ ላይ ያለው ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ በማሽን የተነበበው በ1974 ነው። ባርኮድ ያለበትን ሳጥን አንድ ሰው የ1960ዎቹ ነው ብሎ ቢሸጥላችሁ አትቀበሉት።

ከዚያ የባለቤቱን ስም ተመልከቱ። በኤኤምቲ ሳጥን ላይ ትሮይ፣ ሚሺገን የሚለው አድራሻ የመጀመሪያውን ዘመን ያመለክታል። የማችቦክስ ባለቤት የነበረው የእንግሊዙ ሌዝኒ ኤኤምቲን የገዛው በ1978 ነው። የሌዝኒ ስም ካለበት ከዚያ ወዲህ ነው ማለት ነው። ኤርትል የሚል ከሆነ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ ነው። ራውንድ 2 የሚል ካለበት አዲስ እትም ነው። ሬቬልና ሞኖግራም የተዋሃዱት በ1986 ስለሆነ፣ ሁለቱ ስም አንድ ላይ ያለበት ሳጥን ከዚያ በኋላ የመጣ ነው።

አዲስ እትም መሆኑ መጥፎ አያደርገውም። ለመገጣጠም ለሚፈልግ ሰው እንዲያውም ይሻላል፤ ተለጣፊው አዲስ ነው፣ ጎማው ለስላሳ ነው። ችግሩ በአዲስ እትም ላይ የጥንቱን ዋጋ መክፈል ነው።

በፕላስቲክ የታሸገ ሳጥንን በተመለከተ ጥንቃቄ አድርጉ። ማሸጊያ ማሽን ማንም ሰው ይገዛል። ላስቲኩ ጥብቅ፣ አንጸባራቂና አቧራ የሌለበት ሆኖ ከስሩ ያለው ካርቶን ግን ጠርዙ ያለቀ ከሆነ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ እንደገና የታሸገ መሆኑን ጠርጥሩ። ሳጥኑን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉትና አዳምጡ። ክፍሎቹ ከያዛቸው የፕላስቲክ ዘንግ ተለይተው በብዛት ሲንኮሻኮሹ ከሰማችሁ ሻጩን ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ ክፍሎቹን ቁጠሩ

የመገጣጠሚያ ወረቀቱን አውጡና ጠረጴዛ ላይ ዘርጉት። ወረቀቱ ከጠፋ ችግር የለውም፤ የብዙዎቹ ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ከዚያ እያንዳንዱን ክፍል ከወረቀቱ ጋር እያስተያያችሁ በእርሳስ ምልክት አድርጉ።

ሦስት ዓይነት መኪና የሚወጣበት ኪት ከሆነ የትኛውን እንደምትፈልጉ አስቀድማችሁ ወስኑ። የውድድሩ ዕቃ ጠፍቶ የፋብሪካው ሙሉ ከሆነ፣ ለብዙ ሰው ኪቱ ሙሉ ነው። በተቃራኒው የፋብሪካው ፓራውልት ወይም የጎማ ክዳን ከጠፋ ከባድ ነው። እነዚህ ሰው አስቀድሞ ለሌላ ሥራ የሚወስዳቸው ክፍሎች ስለሆኑ ተተኪ ማግኘት ያስቸግራል።

አራት ነገሮችን መጀመሪያ ፈልጉ፤ የመስኮት መስታወቶቹን፣ የፊትና የኋላ ፓራውልቱን፣ የራዲያተሩን ፍርግርግና ኮፈኑን። እነዚህ ካሉ ሌላውን ከሌላ ኪት መፈለግ ይቻላል። ትንንሽ ሠሪዎች በሬዚን የሚያወጧቸው ወይም በሦስት አውታር ማተሚያ የሚታተሙ ተተኪ ክፍሎችም አሉ።

ልጅ የጀመረው ኪት ካጋጠማችሁ ሙጫውን እዩ። የድሮው የቱቦ ሙጫ ፕላስቲኩን አቅልጦ ነው የሚያጣብቀው። መጋጠሚያው ላይ ትንሽ ብቻ ካለ ይለያያል። የጣት አሻራ በቦዲው ወይም በመስታወቱ ላይ ቀልጦ ከታተመ ግን ፕላስቲኩ ራሱ ተበልቷል፤ በስቱኮና በብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው የሚስተካከለው። ቀለም የተቀባ መሆኑ አያስደንግጣችሁ። ወፍራም ቀለም ከስሩ ያለውን ጥሩ ቅርጽ ጠብቆ ሊያቆየው ይችላል። ብዙ ቀለም በአይሶፕሮፒል አልኮል ዘፍዝፎ በጥርስ ብሩሽ በመፈተግ ይለቃል።

ደረጃ 4፦ ቦዲውን መርምሩ

እዚህ ጊዜ ውሰዱ። ፍርዱ የሚሰጠው እዚህ ነው።

በመጀመሪያ መጣመሙን ፈትሹ። ቦዲውን ጠፍጣፋ መስታወት ላይ አስቀምጡትና አራቱን ማዕዘን በየተራ በጣት ጫን አድርጉ። ከተወዛወዘ ተጣሟል። ኪቶች የሚሠሩበት ፖሊስታይሪን ነው፤ ትንሽ ጥመት በሙቅ ውሃ ይመለሳል። ውሃው የሚያቃጥል ይሁን እንጂ የሚፈላ አይሁን። ፖሊስታይሪን ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ይለሰልስና ቅርጹን ያጣል። በ1950ዎቹ ለሻጭ የተሠሩት ማሳያ ሞዴሎች ግን ብዙዎቹ አሲቴት ከሚባል ፕላስቲክ ናቸው። አሲቴት ከዕድሜ ጋር ይኮማተራል፣ ይጎብጣል። እሱን የሚመልስ ዘዴ የለም። የተገጣጠመ የሻጭ ሞዴል ስትገዙ ወለሉ የጀልባ ሆድ መስሎ ከጎበጠ በሰብሳቢነት ካልሆነ አትግዙት።

ቀጥሎ ልኬት። የእውነተኛውን መኪና ከፊት ጎማ መሀል እስከ ኋላ ጎማ መሀል ያለውን ርቀት ፈልጉና ለ25 ወይም ለ24 አካፍሉት። ጥቂቶቹን ልስጣችሁ። የ1957 ሼቭሮሌ ቤል ኤር 2,921 ሚሊሜትር ነው፤ በ1/25 ወደ 116.8 ይመጣል። የ1965 ሙስታንግ 2,743 ነው፤ በ1/25 109.7፣ በ1/24 ደግሞ 114.3። የ1963 ኮርቬት 2,489 ሲሆን በ1/25 99.6 ነው። የ1932 ፎርድ 2,692 ስለሆነ በ1/25 107.7 ይሆናል፤ በ1/24 ከሆነ 112.2።

ስሌቱን በምታውቁት መኪና መለማመድ ከፈለጋችሁ ቮልስ ከሁሉም ይመቻል። የመደበኛው ቮልስ ርቀት 2,400 ሚሊሜትር ነው። በ1/24 ልክ 100 ሚሊሜትር፣ በ1/25 ደግሞ 96 ይሆናል። አዲስ አበባ ያላችሁ ሰዎች መንገድ ዳር ከቆመው ላይ በሜትር ለክታችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

ግማሽ ሚሊሜትር ልዩነት ምንም አይደለም። ከሁለት ሚሊሜትር በላይ ከሆነ ግን ምክንያቱን ፈልጉ። ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ልኬት ትክክል ላይሆን ይችላል። በተለይ በ1950ዎቹ ሞዴሉ ሳጥኑ ውስጥ እንዲገባ ተብሎ መጠኑ የተወሰነባቸው ኪቶች አሉ። ሌላው የተለመደ ጉድለት አጠር ያለ ቦዲ በሌላ መኪና ሻንሲ ላይ መጫኑ ነው። ያኔ ጎማው ከቅስቱ መሀል ወደ አንድ ጎን ይሸሻል።

ልኬት ብቻውን ግን አይበቃም። ርዝመቱ ልክ ሆኖ መልኩ የማይመስል ቦዲ አለ። ለዚህ ፎቶ ተጠቀሙ። ቦዲውን በዓይን ከፍታ አስቀምጡ፤ ከአንድ ሜትር ተኩል ያህል ራቁና በዙም ከጎኑ ፎቶ አንሱት። ስልክን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ማንሳት ፊቱን ያፋፋዋል፣ ጣሪያውን ያሳንሰዋል፤ በእንዲህ ዓይነት ፎቶ የሚነሳ ክርክር ሁሉ ዋጋ የለውም። ከዚያ ከእውነተኛው መኪና የጎን ፎቶ ጋር በአንድ መጠን አድርጋችሁ ደርቡት።

በዚህ ጊዜ ዓይናችሁን አምስት ቦታ ላይ አሳርፉ። የመጀመሪያው የፓራብሬዙ ዘንበል ማለት ነው። ሁለተኛው የጣሪያው ከፍታና ወደ ኋላ የሚወርድበት መስመር፤ ስህተት የሚበዛው እዚህ ነው። ሦስተኛው የጎን መስኮቶቹ ቁመት። አራተኛው የጎማ ቅስቶቹ ቅርጽ። አምስተኛው የፊቱ ገጽታ፣ በተለይ የመብራቶቹ ትልቀትና ርቀት ነው። ከእነዚህ የቅስቱ ስህተት ይታረማል። መብራቱም ይቀየራል። የጣሪያና የፓራብሬዝ ስህተት ግን መስታወቱን ጭምር ስለሚነካ፣ በጣም ለምትወዱት መኪና ካልሆነ አትግቡበት።

ቀጥሎ የላዩን ገጽ ፈትሹ። የእጅ ባትሪውን በጎን በኩል ዝቅ አድርጋችሁ አብሩ። ብርሃኑ በአግድም ሲሄድ ስርጉዱም ጉብታውም ይወጣል። ስርጉድ የሚፈጠረው ፕላስቲኩ ወፍራም በሆነበት ቦታ ሲቀዘቅዝ ወደ ውስጥ ስለሚሰበሰብ ነው። ከውስጥ ምሰሶ ወይም የወንበር መደገፊያ ካለበት ተቃራኒ ላይ ይበዛል። ስቱኮ ያስተካክለዋል። ሁለቱ የሞልድ ግማሾች የተገናኙበት መስመር ደግሞ በፓራፋንጎው ጫፍና በጣሪያው ምሰሶ ላይ ቀጭን ሆኖ ይታያል። ይህ በሁሉም ኪት አለ፤ ጉድለት ብላችሁ አትቁጠሩት። ፈግፍጋችሁ ታወጡታላችሁ። የሚያሳስበው መስመሩ በጽሑፍ ወይም በጌጥ ላይ ሲያልፍ ነው።

በማጉያ መነጽር የበሩን መስመር፣ የስም ጽሑፉንና የጎን ጌጡን እዩ። የሞልዱ ጤና የሚታወቀው ከዚህ ነው። በመጀመሪያዎቹ እትሞች ጽሑፉ ስል ሆኖ ይነበባል። ሞልዱ ሲያረጅ መስመሮቹ ይሞላሉ፣ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፣ ጠርዝ ላይ ቀጭን ትርፍ ፕላስቲክ ይበዛል። ትርፉን በምላጭ ትቆርጡታላችሁ። የደበዘዘ ጽሑፍ ግን አይመለስም። የጆሃን ኪቶች በዚህ በኩል ልዩ ክብር ይገባቸዋል። የክራይስለር ተርባይን መኪናቸውን ያየ ሰው ይህን ይመሰክራል። እውነተኛው መኪና ለሙከራ የተሠራው 55 ብቻ ሆኖ አብዛኛውም ስለተደመሰሰ፣ ብዙ ሰው ቅርጹን በቅርብ ሊያይ የሚችለው በዚህ ሞዴል ነው።

በመጨረሻ ሞልዱ የተነካካ መሆኑን ፈልጉ። የኋላው የጎማ ቅስት ከፊተኛው በጣም ከሰፋ፣ የጎን ጌጡ በድንገት ከተቋረጠ፣ ወይም የበር እጀታ በአንድ ጎን ብቻ ካለ፣ ሞልዱ በመሀል ለውድድር መኪና ተቆርጦ ነበር ማለት ነው።

ደረጃ 5፦ ክሮም፣ መስታወት፣ ጎማ፣ ተለጣፊ

የኪት ክሮም በጣም ስስ የአሉሚኒየም ሽፋን ነው። ስለተላጠ ዋጋ አውርዱ እንጂ አትጣሉት። በረኪና ውስጥ ሲዘፈዘፍ በደቂቃዎች ይለቃል፤ ከዚያ እንደገና በክሮም ቀለም ይቀባል። ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ በረኪናውን ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። የበለጠ የሚያስጨንቀው ፓራውልቱ ክፍሎቹን ከሚይዘው የፕላስቲክ ዘንግ ጋር የተያያዘበት ቦታ ነው። ከስሩ ከሆነ አይታይም። ፊቱ ላይ ከሆነ ሲቆረጥ ጠባሳ ይተዋል፤ ሠሪው ያልተጨነቀበት ኪት ነው።

መስታወቱን ብርሃን ላይ አንሱት። ጭረት በማለስለሻ ቅባት፣ የጥርስ ሳሙናም ቢሆን፣ በትዕግሥት ይጠፋል። ስንጥቅ አይጠፋም።

ጎማው ራሱን የቻለ ጠላት ነው። የድሮው ለስላሳ የቪኒል ጎማ እንዲለሰልስ የተጨመረበት ቅባት ከዓመታት በኋላ ይወጣና የነካውን ፖሊስታይሪን ያቀልጣል። ስለዚህ ጎማው ሳጥኑ ውስጥ ከማን ጋር ተኝቶ እንደኖረ ተመልከቱ። ፓራብሬዙ ላይ የጎማ ጥርስ ታትሞ፣ ወይም ጣሪያው ላይ ቀለበት የመሰለ ስርጉድ ተበልቶ ታገኛላችሁ። በጣሪያ ላይ ያለው በስቱኮ ይሞላል። በመስታወት ላይ ያለው ግን መስታወቱን ያስጥላል። ይህን ምልክት በሻጭ ፎቶ ላይ ማየት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ከሩቅ ስትገዙ የመስታወቱንና የጎማውን ፎቶ ለብቻ ጠይቁ።

ተለጣፊ ቢጫ ከሆነ መስኮት ላይ በፕላስተር ለጥፋችሁ ለጥቂት ቀናት ፀሐይ አሳዩት፤ ብዙ ጊዜ ይነጣል። ደማቁ ቀለም ግን እንዳይደበዝዝ በየቀኑ ተመልከቱ። ውሃ ውስጥ ሲገባ የሚበታተን መሆኑን ለማወቅ ከማያስፈልገው ጥግ ቆርጣችሁ ሞክሩ። ለብዙዎቹ ኪቶች ተተኪ ተለጣፊ ስለሚሸጥ በዚህ ምክንያት ጥሩ ቦዲ አትለፉ።

ደረጃ 6፦ ከስር ያለውን በልኩ ፍረዱ

ሻንሲው አንድ ወጥ ሆኖ ማርሚታውም ባሌስትራውም አብሮ የተቀረጸበት ከሆነ፣ ከማሳያ ሞዴል የመጣ ነው። ሞተሩ ውስጥ የሚያልፈው የብረት ዘንግም ከዚሁ ነው። ጎማዎቹ እንዲዞሩ፣ ልጅ ወለል ላይ እንዲነዳው ታስቦ ነው። ቀዳዳው በትንሽ ፕላስቲክ ይደፈናል፣ ዘንጉም በሁለት ተቆርጦ ከጎን ይገባል። በዚህ ብቻ ኪቱን ደካማ ማለት ትክክል አይመስለኝም።

የምትጠይቁት ሌላ ነገር ነው። ሞተሩ የዚያ መኪና ሞተር ነው? ወይስ ከሌላ ኪት የተወሰደ? ካምቢዮው አለ? ክሩስኮቱ የትክክለኛው ዓመት ነው? የውስጥ በሮቹ ጥልቀት አላቸው ወይስ ጠፍጣፋ ናቸው? ኮፈን የማይከፈትና ሞተር የሌለው ኪትም አለ። ዋጋው ይህን ካገናዘበ እኔ አልቃወመውም፤ ቦዲው ቆንጆ ከሆነ መደርደሪያ ላይ የሚታየው እሱ ነው።

ደረጃ 7፦ ያለ ሙጫ ግጠሙት

ከፈቀደላችሁ ሻጩ ፊት፣ ካልሆነም ቤት እንደደረሳችሁ፣ ዋና ዋናዎቹን ክፍሎች በወረቀት ፕላስተር ያዙዋቸው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መስታወቱን ወደ ቦዲው፣ የውስጥ ክፍሉን ወደ ሻንሲው፣ ሻንሲውን ወደ ቦዲው፣ ከዚያ ጎማዎቹን፣ በመጨረሻ ፓራውልቶቹንና ኮፈኑን።

አሁን መኪናው እንዴት እንደቆመ እዩ። አንድ ጎማ አየር ላይ ቀርቷል? ፊቱ ወደ ሰማይ ቀና ብሏል? ጎማዎቹ ከፓራፋንጎው ወጥተዋል? የአቋም ችግር በድሮ ኪቶች የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ዘንጉን በማውረድ ወይም ቸርኬውን በማጥበብ ይፈታል። ኮፈኑ ዙሪያውን እኩል ክፍተት ካለው ደስ ይበላችሁ። በአንድ ጎን ሰፍቶ በሌላው የሚነካ ከሆነ፣ ቦዲው ወይም ኮፈኑ ተጣሟል። ፓራውልቱና ቦዲው መሀል የሚያሳልፍ ክፍተትም በአብዛኛው የቦዲው ጥመት ምልክት ነው። ወደ ደረጃ 4 ተመልሳችሁ መስታወቱ ላይ እንደገና አስቀምጡት።

ሬቬልን የመሰለ በሩ የሚከፈት ኪት ከሆነ በሮቹን ሁሉ ዘግታችሁ አስሩ። ሁሉም መስመሮች ልክ ከመጡ ዕድለኛ ናችሁ። ካልመጡ አንድ ወይም ሁለት በር ዘግታችሁ የምታጣብቁበትን ዕቅድ አሁኑኑ አስቡ።

ደረጃ 8፦ ዋጋና ውሳኔ

ለመሰብሰብ ነው ወይስ ለመገጣጠም? መልሱ ሚዛኑን ይገለብጠዋል። ሰብሳቢ የሚከፍለው ለሳጥኑ፣ ለወረቀቱ፣ ላልተነካ ክፍልና ለመጀመሪያው እትም ነው። ገጣጣሚ የሚከፍለው ለቦዲው፣ ለመስታወቱና ለፍርግርጉ ነው። የተቀደደ ሳጥን ውስጥ ያለ፣ የተጀመረ ግን ቦዲው ንጹሕ የሆነ ዓመታዊ ኪት ለገጣጣሚ ትልቅ ዕድል ነው። ሰብሳቢዎች ስለማይሻሙበት ዋጋው ዝቅ ይላል።

ኢቤይ ላይ ሻጭ የጠየቀውን ዋጋ እንደ ገበያ ዋጋ አትውሰዱ። የተሸጡትን ብቻ የሚያሳየውን ማጣሪያ ተጠቀሙና በቅርብ የተሸጡትን አወዳድሩ። ራውንድ 2 ወይም ሬቬል ያንኑ ኪት በቅርቡ እንደገና አትመውት እንደሆነም ፈትሹ። አዲስ እትም ሲወጣ የድሮው ዋጋ ብዙ ጊዜ ይወርዳል፣ በተለይ ሳጥኑ የተጎዳው።

እኔ ሳልደራደር የማልፈው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ የጣሪያ ቅርጽ ስህተት፣ ተተኪ የሌለው የተሰነጠቀ መስታወት፣ የጎበጠ አሲቴት። ሌላው ሁሉ የዋጋ ጉዳይ ነው።

ገዝታችሁ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ ጎማዎቹን አውጡና ለብቻቸው በትንሽ የላስቲክ ከረጢት አድርጉ። መስታወቱን በለስላሳ ወረቀት ጠቅልሉት። ቦዲው ላይ ምንም ከባድ ነገር አትጫኑ። ሳጥኑን ከኮርኒስ በላይ፣ ጣሪያው ስር፣ ወይም በበጋ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ፤ እዚያ የሚደርሰው ሙቀት ቦዲውን ለማጣመም ይበቃል።